«እንዲህ አለኝ» ከማለታችን በፊት

«ሲን አድርጎ ተወኝ። በቃ፣ አልፈልግሽም አለኝ ማለት ነው።»

«አለቃዬ ላይክ ብቻ አድርጎ ዝም አለ። ሥራህ አልጣመኝም እያለኝ ነው።»

«ፎቶዬን አይታ ኮሜንት ሳትጽፍ አለፈች። ምን ይሄን ትለጥፋለች ማለቷ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ወሬ በየቀኑ እንሰማለን፤ እናወራለንም። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ልጁ «አልፈልግሽም» አላለም። አለቃውም «አልጣመኝም» ብሎ አልጻፈም። ፎቶውን ያየችውም ልጅ ትንፍሽ አላለችም። ሦስቱም ምንም ሳይናገሩ ተናግረዋል ተብሎ ተመሰከረባቸው። በአፋቸው የገባውን ቃል የሠራው ሰሚው ነው።

ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ በቀላሉ ይደበቃል። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ሲያወራ ብዙ ጊዜ ራሱ ተናጋሪው እንደተናገረው አድርጎ ነው የሚያቀርበው። «ነገ አልመጣም አለኝ» እንላለን። «አልመጣም» ውስጥ ያለው «እኔ» ሰውዬው ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ወሬውን ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ የራሳችንን ግምት ስናወራም ያንኑ ቅርጽ እንጠቀማለን። «አልፈልግሽም አለኝ» ስትል የሰማች ጓደኛ፣ ቃሉ ከልጁ አፍ ይውጣ ወይም ከሁለት የራይት ምልክት ላይ ይነበብ የምትለይበት መንገድ የላትም። እሷም ለሌላዋ ስትነግር «አልፈልግሽም አላት» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ግምት ጥቅስ ይሆናል፤ ጥቅሱ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። መጠቆም የተናጋሪው ሥራ ነው፣ መገመት የሰሚው። ሁለቱን ካምታታን የራሳችንን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ አስገብተን፣ መልሰን ሰውየውን በእሱው እንከሰዋለን።

ለመለየት እንዲመቸን ሦስት ነገሮችን ነጥለን እንያዝ፦ የተባለው፣ የተወረወረው እና የተቀለበው። የተባለው ቃሉ ራሱ ነው፤ ስክሪንሻት ቢነሣ የሚታየው። የተወረወረው፣ ተናጋሪው በቃል ሳያወጣው እንዲገባን ፈልጎ ጠቆም ያደረገው ነው። አማርኛችን ራሱ «ነገር ወረወረ» ይል የለ? የተቀለበው ደግሞ እኛ ከሰማነው ወይም ካየነው ተነሥተን የደረስንበት ነው። አንዳንዴ የተወረወረ ነገር ሳይቀለብ መሬት ይወድቃል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ያልወረወረውን እንቀልባለን። ዛሬ ስልካችን ላይ የበዛው ይሄኛው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎን ለተቀመጡ የልጃቸው ጓደኞች እናት «ውይ፣ መሽቷል እኮ» አሉ እንበል። የተባለው ስለ ሰዓት ነው። የተወረወረው «በሉ ወደየቤታችሁ» ሊሆን ይችላል። «ራት ሳትበሉ መሸ» የሚል መቆርቆርም ሊሆን ይችላል። «ታክሲ እንዳታጡ» የሚል ስጋትም አይጠፋም። ወይም እናትየው ሰዓቱን አይተው ገርሟቸው ብቻ ነው። ከልጆቹ አንዱ ጫማውን እያጠለቀ «አባረሩን እኮ» ቢል፣ ይሄ የእሱ ቅለባ ነው። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእሱ ነው።

ፖል ግራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ዝነኛ ጽሑፍ አለው። ሰዎች በቃል ከሚሉት በላይ እንዴት እንደሚግባቡ ያብራራበት ነው። ከሐሳቦቹ አንዱ ለእኛ የሚጠቅም ፈተና ይሰጠናል። በቃል የተባለን ነገር መልሰህ ብትክድ ንግግርህ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የተጠቆመን ነገር ግን ሳትጋጭ መሰረዝ ትችላለህ። እናትየው «መሽቷል እኮ፤ ግን ራት ሳትበሉ የትም አትሄዱም» ቢሉ ምንም ግጭት የለም። «ሂዱልኝ፤ ግን አትሂዱ» ቢሉ ግን ግራ እንጋባለን። ስለዚህ «እንዲህ አለኝ» ልትሉ ስትሉ «ግን» ጨምራችሁ ሞክሩት። «መልእክትህን አይቻለሁ፣ ግን እየነዳሁ ስለሆነ ማታ እመልስልሃለሁ» የሚለው ይስማማል? ከተስማማ፣ ማየቱ «አልፈልግህም» ማለት አልነበረም ማለት ነው።

እርግጥ እኛ መጠቆምን እንደ ጥበብ የምናይ ሰዎች ነን። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንላለን። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንላለን። አግቦ፣ አሽሙር፣ ውስጠ ወይራ፣ ቅኔ፦ በተዘዋዋሪ ለመናገር ያለን የቃል ብዛት ራሱ ይመሰክራል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕሱን «ሰምና ወርቅ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰምና ወርቅ ከግጥም አልፎ የዕለት ተዕለት ንግግርም መንገድ መሆኑን አስተውሎ ነው።

ታዲያ ይሄ መልካም ነገር ነው። ድህነቱን ያወቅንበትን ሰው ሳናሸማቅቅ እንረዳዋለን። አባትን ፊት ለፊት ሳንጋፋ ሐሳባችንን እናሰማለን። አስተናጋጁ እየሰማ «ምግቡ እንዴት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀን ጓደኛ «ቤቱ ግን ንጹሕ ነው» ብለን እንገላገላለን። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይነገር የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ከአማቱ ጋር ይዋልና እንነጋገር።

ግን ቅኔን ካነሣን አይቀር፣ ቅኔ ራሱ ሥርዓት አለው። ሰምና ወርቅ የሚገናኙበት ኅብረ ቃል አለ፤ ሁለቱን ትርጉም የሚሸከም ቃል ማለት ነው። «ወርቁ ይሄ ነው» የሚል ሰው ከየትኛው ቃል እንዳወጣው ማሳየት አለበት። «ዝም ብሎ እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ ቅኔ መፍታት የለም። እኛ ስልክ ላይ የምናደርገው ግን ይሄንኑ ነው፦ ኅብረ ቃሉ የት እንዳለ ሳናሳይ ወርቅ እናወጣለን። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ጽፏል። እኛ ከዚያች «እሺ» ውስጥ ኩርፊያ፣ ንቀት፣ ሌላ ሴት፣ ሌላ ሥራ እናወጣለን። ያልተቀበረ ወርቅ ማለት ይሄ ነው።

ፊት ለፊት ስንሆን ይሄ ስሕተት የሚታረምባቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ድምፅ አለ፣ ዓይን አለ፣ የፈገግታ አጀማመር አለ። «ጠፋህ!» የሚለው ቃል በሳቅ ሲባል ናፍቆት ነው፤ አንገት ተሰብሮ ሲባል ወቀሳ ነው። አያት «ወፈርሽልኝ» ሲሉ ምርቃት ነው፤ ያው ቃል ቲክቶክ ላይ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ስድብ ነው። ጽሑፍ ይህን ሁሉ አውልቆ ቃሉን ብቻ ይልክልናል። የቀረውን እኛ እንሞላዋለን፤ የምንሞላው ደግሞ በዚያ ሰዓት ባለን ስሜት ነው። በተከፋንበት ቀን ሁሉም «እሺ» ኩርፊያ ይመስላል።

ይህን በሙከራ ያሳዩ አሉ። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የምር የሆኑና የሽሙጥ ዐረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው እንዲልኩ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ በኢሜይል፣ አንዳንዶቹ በድምፅ። በኢሜይል የላኩት ተቀባዮቻቸው ከ100 ወደ 78 ያህሉን በትክክል እንደሚለዩ ገምተው ነበር። ተቀባዮቹ የለዩት ግን 56 ያህል ነው። ሳንቲም ወርውሮ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ቢባል እንኳ 50 ይገኛል! በድምፅ ሲሆን ግን የተገመተውና የሆነው ተቀራራቢ ነበር። ይበልጥ የሚገርመው፣ ኢሜይሉን ያነበቡትም በትክክል እንደገባቸው በጣም እርግጠኞች ነበሩ። ወርዋሪው እንደደረሰለት እርግጠኛ ነው፣ ቀላቢውም እንደያዘው እርግጠኛ ነው፣ ኳሱ ግን ሜዳ ላይ የለም።

አፖቹ ደግሞ ከቃል በላይ የምናነብበት ሌላ ነገር ጨመሩልን፦ ምልክት። ዋትስአፕ ሰማያዊዎቹን ሁለት ራይቶች ያመጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ነው። ጩኸቱ ስለበዛ ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያ ጨመረበት። እዚያ ሁለት ግራጫ ራይት ማለት መልእክቱ ስልኩ ላይ ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ሲሆን ነው ተከፍቷል የሚባለው። ቴሌግራም ላይ ግን አንድ ራይት መልእክቱ ቴሌግራም ዘንድ ደርሷል ማለት ሲሆን፣ ሁለት ራይት ቻቱ ተከፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ራይት በአንዱ አፕ «ደርሶታል» ነው፣ በሌላው «ከፍቶታል» ነው። ስንቱ ጥንዶች በዚህች ልዩነት ተኳርፈው ይሆን?

ቴሌግራም «በቅርቡ ታይቷል» ሲለንም እንዲሁ ነው። ሰውዬው መቼ እንደገባ እንዳይታይ ሲያደርግ የሚመጣ ጽሑፍ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። አንዱ ግን ይህንን አይቶ «አሁን ኦንላይን ሆኖ እያየ አልመለሰልኝም» ብሎ ሌሊቱን ያድራል። ምልክቱ የሚለው «ቻቱ ተከፍቷል» ብቻ ነው። በማን እጅ፣ በምን ስሜት፣ ታክሲ ውስጥ ተሰቅሎ ይሁን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ፣ አይልም። ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችን መልእክቱን የከፈተችው በሥራ መሃል ለአንዲት ደቂቃ ተሸሽጋ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን «አይታ ተወችን፤ ገንዘብ ስትይዝ ረሳችን» እንላለን።

ስምምነት ያለበት ምልክት ግን ይሠራል። ሚስኮልን አስታውሱ። «አንዴ ሚስኮል ካደረግኩ ውጪ» ከተባባልን፣ አንዴ ሲጠራ እንወጣለን፤ ማንም አይጣላም። ምልክቱ ትርጉም ያገኘው ቀድመን ስለተነጋገርንበት ነው። የራይትን፣ የላይክን፣ የዝምታን ትርጉም ግን ማን ከማን ጋር ተነጋገረበት?

ይሄ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን በሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንድ እህል ገዢ ኩባንያ ከአንድ ገበሬ ጋር በ87 ቶን ተልባ ላይ ተነጋገረ። አዎ፣ ያው እኛ ቆልተን የምንወቅጠው ተልባ። የኩባንያው ሰው ውሉን ፈርሞ ፎቶ አነሣውና «የተልባውን ውል አረጋግጥልኝ» ብሎ በስልክ ላከ። ገበሬው የአውራ ጣት ኢሞጂ መለሰ። ኅዳር ሲደርስ ተልባው የለም፤ ዋጋው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል።

ገበሬው ምን አለ? «ኢሞጂው ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አልነበረም።» ኩባንያው ምን አለ? «ተስማምቷል ብለን ነው የተረዳነው።» ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 ለኩባንያው ፈረዱ፤ ገበሬው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነ። የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ውሳኔውን አጸናው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ዳኛው እንዴት እንደደረሱበት ነው። ገበሬው በልቡ ምን እንዳሰበ ብቻ ተመልክተው አልፈረዱም። ኩባንያው በልቡ ምን እንደገመተም ብቻ አልያዙም። የሁለቱን ታሪክ አዩ። ከዚያ በፊት ገበሬው እንዲህ ያሉ ውሎች ሲላኩለት «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» የመሳሰሉ አጫጭር መልሶች እየላከ፣ እህሉንም እያስረከበ ነበር። ነገሩን የሚያውቅ አእምሮው የተስተካከለ ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ኢሞጂውን ቢያይ ምን ይረዳል? ጥያቄው ይሄ ነበር። የቅኔውን ሕግ አስታውሱ፦ ወርቁን ከየት እንዳወጣኸው አሳይ። ኩባንያው ማሳየት ቻለ።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1681 ላይ፣ ውል ለመግባት ፈቃድን መግለጽ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም በማያጠራጥር አድራጎት እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ ምልክት ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1682 ግን ዝም ማለት መቀበል እንዳልሆነ ይናገራል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ለምሳሌ በተዋዋዮቹ መካከል ቀድሞ የቆየ የሥራ ግንኙነት ሲኖር። መነሻው ግን ግልጽ ነው። እኛ በየሰፈሩ «ዝምታ እሺታ ነው» እንላለን፤ ሕጉ ደግሞ ለአንድ ኩንታል እህል እንኳ ዝምታ ብቻውን እሺታ አይሆንም ይላል።

ይህን ሐሳብ ከእህል ወደ ሰው እናምጣው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳልና። አንዲት ልጅ ለመልእክቱ የልብ ኢሞጂ መለሰች። ቡና ጋበዛት፣ መጣች። ቀልዱን ሰምታ ሳቀች። ጥያቄውን ሲያነሣ ዝም አለች። ልጁ እነዚህን ሁሉ ደምሮ «እሺ ብላኛለች» ይላል። መቼ አለች? ልቡ ለመልእክቱ ነው። ቡናው ለቡና ነው። ሳቁ ለቀልዱ ነው። ዝምታው ደግሞ ፍርሃት፣ ይሉኝታ ወይም ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። «እሺ» የሚለውን የጻፈው እሱ ነው፤ ፈራሚ ያደረገው ግን እሷን ነው። ተልባ ለመግዛት ግልጽ ቃል ወይም የማያጠራጥር ምልክት ካስፈለገ፣ ለሰው ገላና ለሰው ሕይወት ከዚያ ያነሰ እንዴት ይበቃል? ወንዶች፣ ይህቺን እንያዛት። በዚህ ጉዳይ ላይ በግምት የሚደረግ ነገር የለም። ይጠየቃል፤ «እሺ» እስኪባል ድረስም እሺ አልተባለም።

ሌላው የሚከብደው ኮሜንት ሥር ነው። አንዱ ስለ አንድ ምግብ፣ ስለ አንድ ዘፈን ወይም ስለ አንድ ከተማ ሁለት መስመር ይለጥፋል። የመጀመሪያው አንባቢ «እነ እገሌን መስደቡ ነው» ይላል። ሁለተኛው ዋናውን ጽሑፍ ሳያይ «ሰደበን» ይላል። ሃያኛው ላይ ሲደርስ ስክሪንሻቱ በቀይ ተከቦ «ይህ ሰው ሕዝባችንን እንዲህ አለ» ተብሎ ይዞራል። ወደኋላ ብትሄዱ የተባለው ሁለት መስመር ነው፤ የቀረው ሁሉ የተቀለበ ነው። ሰውዬው ግን ሥራውን፣ አንዳንዴም ሰላሙን ያጣል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን የተተረተ ነው የሚመስለው።

ይህን ስል ግን ወርዋሪውን ነፃ እያወጣሁት አይደለም። ሌላም ዓይነት አለ፤ ሆን ብሎ ይወረውርና ሲያዝ «እኔ ምን አልኩ? ስም ጠርቻለሁ?» የሚል። ማን እንደተነካ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በተረት ጠቅልሎ ይለጥፋል፤ ከሥር ያሉት ሰዎች በጥላቻ ሲነዱ «ቀላቢው ነው ያጠፋው» ይላል። አይሆንም። ወርቁን ከቀበርክ የአንተ ነው። ኅብረ ቃሉ ይታያል፣ ያለፈው ፖስትህ ይታያል፣ ለማን እንደጻፍከውም ይታወቃል። የካናዳው ገበሬ «ማለቴ እኮ…» ማለቱ አላዳነውም፤ የአንተም «ስም አልጠራሁም» አያድንህም። ባልተነገረው ከመገመት መጠንቀቅ ማለት፣ በግልጽ የተወረወረን ድንጋይ አላየሁም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። «ግምቴ እኮ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሲን አድርጎ የተወኝ ልጅ በእርግጥም አልፈለገኝም ነበር። ሁሉንም ነገር እየጠየቁ መኖር ይቻላል?» እውነት አለው። ዝምታ ሲደጋገም፣ ሳምንት ሲያልፍ፣ ለሌላው እየተመለሰ ላንቺ ሳይመለስ ሲቀር፣ ያ ሁሉ ተደምሮ ምልክት ይሆናል። ልብ ያወቀውን ልብ አውቋል። ግምት አይቅር እኮ፤ ያለ ግምት አንድ ቀን እንኳ መዋል አይቻልም። የምለው ግምትሽን ግምት በዪው ነው። «መልስ ሲጠፋ እንዳልፈለገኝ ገባኝ» ብለሽ ተዪው፣ ራስሽን አክብረሽ ሂጂ። ለዚያ የእሱ ቃል አያስፈልግሽም። «አልፈልግሽም አለኝ» ካልሽ ግን እሱ ያላለውን ቃል ትሸከሚያለሽ፤ እሱ ያልሰነዘረብሽን ስድብም ስታስታውሺ ትኖሪያለሽ። ለራስሽ ስትይ ነው።

ታዲያ በተግባር ምን እናድርግ? መጀመሪያ አንዲት ቃል እንቀይር። «አለኝ» የሚለውን ለተባለው ብቻ እናስቀምጠው። ለቀረው «ገባኝ»፣ «መሰለኝ»፣ «ተሰማኝ» አሉልን። «ንቀኸኛል» ከማለት «የተናቅሁ መሰለኝ» ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ክስ ስለሆነ መከላከያ ይጠራል፤ ሁለተኛው ስለ ራስ መናገር ስለሆነ «ኧረ በፍጹም፣ ምን ሆነህ ነው?» የሚል መልስ ይጠራል።

ሁለተኛ፣ እንጠይቅ፤ አጠያየቁ ግን ይለያያል። በእኛ አገር «ምን ማለትህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጥያቄ አይደለም፤ ከመደባደብ በፊት የሚባል ነገር ነው። ቻት ላይ ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ይልቅ ግምታችንን ራሳችን እናስቀድም፦ «እንዲህ ነው የገባኝ፣ ልክ ነኝ?» ለታላቅ ከሆነ «በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ብዬ ነው» ብሎ መጀመር ይቻላል። ይህ አጠያየቅ ሰውየውን አይከስስም፤ ቅለባችንን አሳይቶ «ይሄ ነው የወረወርከው?» ይላል። ነገሩ የሚያስጨንቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ትቶ መደወል ነው። 30 ሰከንድ የድምፅ መልእክት እንኳ ሦስት ቀን የሚያኮርፍን ነገር ይፈታል።

ሦስተኛ፣ ስንልክም እናስብ። ሥራ ላይ ከሆንን «አየሁት፣ ማታ እመለስበታለሁ» ለመጻፍ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅም። ገንዘብ ወይም ቀጠሮ ወይም ውል ባለበት ነገር ላይ ኢሞጂ አንላክ፤ «ደርሶኛል» ከሆነ «ደርሶኛል»፣ «ተስማምቻለሁ» ከሆነ «ተስማምቻለሁ» እንበል። ቅኔው ለጨዋታ ይቆየን። ማስተላለፍ የምንፈልገው ነገር በእርግጥ የሚያስቀይም ከሆነም፣ ለሌላው ሰው እንዲገምተው ትተን ከመሸሽ በትሕትና ብንናገረው ይሻላል። «አሁን ለግንኙነት ዝግጁ አይደለሁም» የሚል አንድ መስመር፣ ሌላውን ሰው ሦስት ሳምንት ራይት ሲቆጥር ከማሳደር ያድነዋል።

አራተኛ፣ «እገሌ እንዲህ አለ» የሚል ስክሪንሻት ሲደርሰን ሼር ከማድረጋችን በፊት ሦስቱን እንለይ። የተባለው የትኛው ነው? ተወረወረ የሚባለው ከየትኛው ቃል ነው የወጣው? የቀረውን የቀለበው ማን ነው? በቀይ የተከበበው መስመር ውስጥ የሌለ ነገር ከላይ በርዕስ ከተጻፈ፣ የምናስተላልፈው የሰውየውን ንግግር ሳይሆን የከበበውን ሰው ግምት ነው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። የነገር ሥሩ የተባለው ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ የበቀለው ቅርንጫፍ የማን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው። ሰው ባለው ይጠየቅ፣ በወረወረውም ይጠየቅ። በእኛ ግምት ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።